ከበር ጀርባ የሚቀመጥ ወንበር

ባለፈው መስከረም ለልጄ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ አርፍጄ ደርሼ፣ ካፖርቴን ሳላወልቅ በኋላኛው ረድፍ ያገኘሁት ወንበር ላይ ዘፍ ስል ተልባ ሸተተኝ። ከሂትሮው ብዙም በማይርቅ ሰፈር፣ አውሮፕላን ጣሪያውን ሊነካ ምንም ሳይቀረው በየደቂቃው በሚያልፍበት አዳራሽ ውስጥ ተልባ ከየት መጣ ብዬ ግራ ቀኙን አየሁ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ስልኩን ይጎረጉራል፤ መምህሯ ልጆቻችን ቤት ውስጥ በቀን ስንት ገጽ ማንበብ እንዳለባቸው ታስረዳለች። ሽታው የተቆላ ተልባ አልነበረም፤ እንጨት ጠጥቶት ከእንጨቱ ጋር ያረጀ የተልባ ዘይት ነበር። እጄ ከእኔ ቀድሞ ነገሩን ያወቀ ይመስለኛል፤ ከመቀመጫዬ ሥር ገብቶ ይዳብስ ጀመር። ጣቴ ወፍራም ቀለም አገኘ። ሁለት፣ ቀጥሎ ስምንት። ሃያ ስምንት የድሮ ጎረቤታችን የሚስ ፐርል የቤት ቁጥር ነው።

ከዚያ በኋላ መምህሯ ያለችውን አንድም አልሰማሁም። ስብሰባው አልቆ ሰው ሲወጣ እየጎነበስኩ ወንበሮቹን አንድ በአንድ እገለብጥ ጀመር። ስድስት። ሃምሳ አንድ። አሥራ ዘጠኝ። የአንዳንዱ ቁጥር ተፍቆ ግማሹ ብቻ ቀርቷል። አዳራሹን የሚጠብቀው ሰውዬ ጠጋ ብሎ ጉትቻ ጠፍቶብኝ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ አዎ አልኩት። ውሸት ድሮም አይከብደኝም፤ ይህን እያደር ታዩታላችሁ። ሰውዬው ደግ ነውና አብሮኝ መፈለግ ጀመረ፤ እሱ ጉትቻ፣ እኔ የድሮ ቤታችንን ቁጥር፣ አርባ ሦስትን። ሦስተኛው ረድፍ ጫፍ ላይ፣ አንዱ ልጅ ብስኩት ያደቀቀበት ወንበር ሥር አገኘሁት። ወንበሮቹ ከየት እንደመጡ ስጠይቀው፣ ለሠርግና ለድግስ ዕቃ የሚያከራይ አንድ ድርጅት ሲዘጋ ትምህርት ቤቱ በጅምላ እንደገዛቸው፣ ባለቤቱ አንድ ሽማግሌ እንደነበር ነገረኝ። ሽማግሌው ዛሬ የት እንዳለ ለመጠየቅ ግን አልደፈርኩም።

ልጅ ሳለሁ የምንኖረው ሃክኒ ነበር፤ አምስት ፎቅ፣ ሰባ ሁለት በርና አንድ ሊፍት ባለው ቀይ የጡብ ሕንፃ ውስጥ። ሊፍቱ ከሚሠራበት ቀን የሚቆምበት ይበዛ ስለነበር እኛ ልጆች የደረጃውን ቁጥር ከማባዣ ሠንጠረዥ በፊት ነው ያወቅነው። ቤታችን አራተኛው ፎቅ ላይ ነበር። ከእኛ በታች እማማ ለተብርሃን ይኖራሉ፤ አሥመራ በአማርኛ የተማሩ፣ ከእናቴ የጠራ አማርኛ የሚናገሩና እናቴ ስትሳሳት በጨዋ ደንብ የሚያርሟት ኤርትራዊት። ከሳቸው አጠገብ ጡረታ የወጣችው የጃማይካዋ ነርስ ሚስ ፐርል አለች፤ እሁድ እሁድ ባርኔጣዋ ከእሷ ቀድሞ ከበር ይወጣል። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ደግሞ ጋሼ አጊምና ሚስቱ ድሪታ።

ጋሼ አጊም አልባኒያዊ ነበር፤ አገሩ በተረበሸ ጊዜ ከሰሜኑ ተራሮች ተነሥቶ፣ በጭነት መኪና ሆድ ውስጥ ከሽንኩርት ጆንያ ጋር ተኝቶ የመጣ። ለንደን ስገባ የነበረኝ ሚስቴና የሽንኩርት ሽታ ብቻ ነበር ይል ነበር። አገሩ አናጺ ነበር፤ እዚህ ግን አንድ ካፌ ጓሮ ሆኖ ሰሃን ያጥባል፣ በትርፍ ሰዓቱ የካፌውን የተሰበሩ ወንበሮች ይጠግናል። እነሱ ዘንድ እሺ ለማለት ራስ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይወዘወዛል፤ እናቴ ይህን እስክታውቅ ድረስ ና ቅመስ ባለችው ቁጥር እምቢ ያላት እየመሰላት፣ "ይሄ ሰውዬ ምን ያኮራዋል" ስትል፣ እሱ ደግሞ ጠርተው የማያቀርቡ ሰዎች ናቸው እያለ ሲደነቅብን አንድ ዓመት አለፈ።

ዘጠኝ ዓመቴ ላይ አባቴ ሞተ። የሚኒካብ ታክሲ ሹፌር ነበር፤ አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ሊወጣ ጫማውን እያሰረ ልቡ ቀጥ አለች። የለንደን ሐበሻ በሠርግ ቢያረፍድ በለቅሶ አይቀርም፤ ከብሪክስተን፣ ከየት ከየቱ በአውቶቡስ እየመጣ ቤታችንን ሞላው። የነበረን አንድ ሶፋና አራት ወንበር ነው። ሽማግሌዎቹ ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ፣ ሴቶቹ አልጋ ላይ ተደራረቡ፣ የቀረው ደረጃው ላይ ወረደ። እናቴ እንባዋን እየጠረገች በመሀል፣ "ኧረ ሰው ቆመ! ሰው ቆሞብኝ!" ትላለች፤ የባሏ ሞትና የእንግዳ መቆም አንድ ላይ ነበር ያቃጠላት። ይህን ጊዜ ጋሼ አጊም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ገባ። ቤቱን አንድ ጊዜ ዙሪያውን አየና አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ተመልሶ ወጣ። ከሴቶቹ አንዷ፣ "ምን ዓይነቱ ነው፣ ነፍስ ይማር እንኳ አይባልም?" ስትል ትዝ ይለኛል።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደረጃው ይንኳኳ፣ ይጋጭ ጀመር። ጋሼ አጊም በአንድ ትከሻው ሦስት ወንበር ተሸክሞ፣ ላቡ በአፍንጫው እየተንጠባጠበ መጣ። አውርዶ ተመለሰ፤ ደግሞ መጣ። ሊፍቱ ያው እንደ ልማዱ ቆሟል። ከካፌው ሠላሳ ወንበር ሙልጭ አድርጎ አምጥቶ፣ የካፌው ደንበኞች ቆመው ሻይ ይጠጡ ነበር አሉ። ሽማግሌዎቹ ሁሉ እስኪቀመጡ ድረስ እሱ አልተቀመጠም። በኋላ እናቴ ልታመሰግነው ስትሞክር በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛው፣ "ሞት ቤት ገብቶ የቆመ ሰው፣ ለመሄድ የመጣ ሰው ነው" አላት። አባቱ እንዲህ ይሉ ነበር።

የዚያን ቀን ድሪታ የሠራችውን ሳስብ ዛሬም በለቅሶው መሀል ሳቄ ይመጣል። በእነሱ አገር ለለቅሶ የመጣ ሰው ሲጋራ ይቀርብለታል፤ ክብር ነው። ድሪታ ሲጋራዎቹን በንጹሕ ሳህን ላይ እንደ አበባ ደርድራ፣ ራሷን በጥቁር ሻሽ አስራ፣ ከሽማግሌዎቹ ፊት ጎንበስ እያለች ማደል ጀመረች። የመጀመሪያው ሽማግሌ አማተቡ። ሁለተኛው ሳል ያዛቸው። ሳህኑ መስቀላቸውን ይዘው ከተቀመጡት ከቄሱ ፊት ሲደርስ ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ቄሱ ድሪታን አዩአት፤ ዓይኗ በእንባ ተሞልቷል፤ አባቴን በሰላምታ ብቻ ነበር የምታውቀው። ቀስ ብለው አንድ ሲጋራ አንሥተው፣ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጄ" ብለው ወደ ቀሚሳቸው ኪስ ከተቱት። ከሳቸው ወዲያ እምቢ ያለ የለም። በሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቄሱ አጫሽ ሆኑ ተብሎ ሲወራ እናቴ ተቆጥታ ለወሬኛው ሁሉ ነገሩን ታስረዳ ነበር።

ሰዉ ሲሳሳ እናቴ ለጋሼ አጊም ስለ እድር ነገረችው፤ ድንኳኑም፣ አግዳሚ ወንበሩም፣ ድስቱም የሁሉም እንደሆነ፣ የሞተበት ሰው ምንም ሳይጠይቅ ጎረቤት ተሸክሞ እንደሚመጣ። ጋሼ አጊም ራሱን እየወዘወዘ ሰማት። ካፌው በሚቀጥለው ዓመት ሲዘጋ ወንበሮቹን ወሰዳቸው፤ ሌላም ለቃቅሞ ጨመረና ሰባ ሁለት አደረሳቸው። እያንዳንዱን ፍቆ፣ አስተካክሎ፣ የተልባ ዘይት እየቀባ ከሥሩ በነጭ ቀለም የአንድ ቤት ቁጥር ጻፈበት። ከዚያ በየበሩ እየዞረ አደለን። ወንበሩ ከበር ጀርባ ይቀመጣል፤ ማንም አይቀመጥበትም፣ ዕቃም አይደረብበትም። አንድ ቤት ሰው ሲሞት ጎረቤት ለጎረቤት በር እያንኳኳ የሟቹን የቤት ቁጥር ብቻ ይናገራል፤ የሰማ ሁሉ የገዛ ወንበሩን ተሸክሞ ይሄዳል። ሌላ ሕግ የለውም። ስሙንም "እድር" አለው፤ በእሱ አፍ "ኤዲር" ነበር። ሚስ ፐርልም ኤዲር፣ አምስተኛ ፎቅ ያሉት ቱርኮችም ኤዲር። እኔ አንድ ጊዜ ቁም ሳጥን ላይ ያለ ነገር ለማውረድ ወንበራችን ላይ ቆሜ እናቴ ስትይዘኝ የበላሁትን ኩርኩም አልረሳውም።

እኛ ስናድግ ጋሼ አጊምም አደገ። ለለቅሶ በነፃ የሚሰጠውን ወንበር ለሠርግ የሚከራየው መጣ፤ ናይጄሪያዊው፣ ቱርኩ፣ ሐበሻው ክርስትና ባነሣ ቁጥር እሱን ይጠራ ጀመር። ከባቡር ሐዲዱ ሥር ካሉት ቅስት መጋዘኖች አንዱን ያዘ፤ ቀጥሎ ጎረቤቱን። ድንኳን መጣ፣ ጠረጴዛ መጣ፣ ሦስት ቫን ተገዛ፤ አጊም ብሎ ስሙን በሰማያዊ ቀለም አስጻፈባቸው። ከአገሩ የሚመጡ ስደተኞችን ሥራ ያስገባል፤ ለልጆቻቸው ቅዳሜ ቅዳሜ የቋንቋ ትምህርት ከፈተላቸው። የተከራዮች ማኅበር ሊቀመንበር ሲሆን ሚስ ፐርል ድምፅ ቆጥራ ተቃዋሚ አጣች። ሀብታም ከሆነ በኋላ ትልቅ ቤት ገዝቶ መሄድ ሲችል እዚያው ሁለተኛ ፎቅ ቀረ። ድሪታ፣ "ሚስቱ እኔ አይደለሁም፣ ሕንፃው ነው" እያለች ታማው ነበር።

የሊፍቱ ነገር የተፈታውም በእሱ ነው። ስንት ዓመት ሌተር ስንጽፍ መልስ ጠፍቶ፣ አንድ ቀን የቤቶች ጉዳይ ኃላፊ ለጉብኝት ሲመጣ አምስተኛው ፎቅ ላይ ለቅሶ ነበር። ጋሼ አጊም ኃላፊውን በአክብሮት ተቀብሎ፣ በዚህ ሕንፃ ልማድ ለለቅሶ ባዶ እጅ አይወጣም ብሎ አንድ ወንበር አሸከመው። ሰውዬው ክራባቱን እንዳሰረ አምስት ፎቅ ወጣ፤ ሲደርስ ፊቱ ቲማቲም መስሎ፣ ከሐዘንተኞቹ ይልቅ እሱ አሳዝኗቸው ውኃ ሰጡት። በሳምንቱ ሊፍቱ ተሠራ። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ሰው የኮራሁበት መሪ የለም፤ ንግግር ሲያደርግ አይደለም፣ ያን ወንበር በባለሥልጣን ትከሻ ላይ ሲያስቀምጥ።

ሃያ ሦስት ዓመት ሲሞላኝ ሕንፃው ሊፈርስ ነው የሚል ሌተር መጣ። በቦታው አዲስ ይሠራል፤ እኛን ግን እየለያዩ ለንደን ዳር ዳሩን ሊበትኑን ነው። ጋሼ አጊም ሰባ ሁለቱንም ቤት አዳራሽ ሰበሰበ። አንድ ላይ ከቆምን ወይ እዚሁ ይመልሱናል፣ ወይ ሁላችንንም አንድ ቦታ ያሰፍሩናል፤ አንድ ሰው ለብቻው ከፈረመ ግን አለቀልን አለ። እማማ ለተብርሃን ጆሮዬ ላይ፣ "ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ" አሉኝ፤ ቢሆንም ከሁሉ ቀድመው እጃቸውን ያወጡት እሳቸው ናቸው። በጋሼ አጊም አገር የሰው ቃል ከሰው ሕይወት ይበልጣል፤ ለጠላትህ እንኳ ቃል ከሰጠህ ቤትህ ገብቶ ያድራል። ከእያንዳንዱ ቤት ቃል ተቀበለ። ተራው ለእናቴ ሲደርስ ተነሥታ ቆመች፤ በእንግሊዝኛ ጀምራ ሲያጥራት ወደ አማርኛ ዞራ፣ "የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ" አለችና ተርጉሚላቸው አለችኝ። ተረጎምኩ። ሰው አጨበጨበ። ጋሼ አጊም እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

የእናቴን ሌተር ሁሉ የማነበው እኔ ነኝ። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ የትምህርት ቤቱንም፣ የሐኪሙንም፣ የወረዳውን አስተዳደር የካውንስሉንም እያነበብኩ በአማርኛ የምነግራት እኔ ነበርኩ፤ የእኔ አፍ ለእናቴ ማኅተም ነው። በዚያው ሰሞን ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ቢሮ ውስጥ ሥራ አግኝቼ ነበር። ከሃክኒ ተነሥቼ ሁለት ሰዓት እሄዳለሁ፣ ሁለት ሰዓት እመለሳለሁ። አንድ ቀን ለእናቴ የመጣው ሌተር ከሂትሮው ሁለት ፌርማታ ላይ፣ ምድር ቤት፣ አዲስ ወጥ ቤት ያለው ቤት እንደ ኦፈር አቀረበላት። ለመወሰን ሦስት ወር ይሰጣል። በማኅበሩ በኩልም መልስ መስጠት እንደሚቻል በግልጽ ተጽፏል።

"ምን ይላል?" አለችኝ፤ ሽንኩርት እየላጠች ነበር።

"እስከ ዓርብ ካልፈረምሽ ቤት የለሽም ይላል።"

"እንዴት? አጊምስ?"

"ጋሼ አጊምም ፈርሟል። ሁሉም ፈርመዋል። የቀረሽው አንቺ ነሽ።"

ቢላዋዋን አስቀመጠች። "አጊምም?" አለች ደግማ።

"አጊምም" አልኳት።

ለጉልበቷ ነው፣ ምድር ቤት ይሻላታል፣ ሕንፃው መፍረሱ አይቀርም እያልኩ ራሴን ስንት ዓመት ሸንግያለሁ። እውነቱ ይህ ነው፦ ጠዋት ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል የበለጠ መተኛት ፈልጌ ነበር። እናቴ እጇን ታጥባ፣ መነጽሯን አድርጋ ፈረመች። ሰው ሁሉ ከሄደ ብቻዋን ምን ታደርጋለች።

በዚያ ሳምንት እናቴ ከጋሼ አጊም ፊት ሸሸች፤ ቃሉን በላ ብላ አዝናበታለች፣ ሊነግራት ያፈረ መስሏታል። የለቀቅን ቀን ግን ዕቃችንን ስናወርድ ደረጃው ሥር ቆሞ አገኘነው። ተቆጥቶ አይደለም፤ ግራ ገብቶት ነበር። እናቴ ወደኔ ሳትዞር በራሷ እንግሊዝኛ፣ አንተስ የት ሰጡህ አለችው። ጋሼ አጊም፣ "የትም። እኔ አልፈረምኩም። ማንም አልፈረመም፤ አንቺ ብቻ ነሽ" አላት።

እናቴ ዞራ አየችኝ። ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት አብረን ስንኖር እንደዚያ አላየችኝም፤ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያየችኝ። አፏን ከፍታ፣ ልጄ ዋሸችኝ ብትል ስሟ ይጸዳ ነበር፤ ጋሼ አጊም ይቅር ይላት ነበር፤ ፊርማው ይሰረዝ ነበር ምናልባት። እሷ ግን ወደ እሱ ተመለሰችና፣ "ጉልበቴን አመመኝ" አለችው። ሰው ፊት የወለዱት ይጥፋ ያለችው ሴት፣ ቀኑ ሲመጣ የተናገረችው ይጥፋ አለች። ጋሼ አጊም ራሱን ወደ ላይና ወደ ታች ነቀነቀ፤ በእሱ አገር ያ እምቢታ ነው። ወንበራችንን እንድመልስ እናቴ ስትልከኝ፣ እሱ የሌለበትን ሰዓት ጠብቄ መጋዘኑ በር ላይ አስቀምጬ ሮጥኩ።

ሌላው ሰው፣ እሷስ እንዲህ ካደረገች እያለ ተከታትሎ ፈረመ፤ ወንበሩንም ለጋሼ አጊም እየመለሰ ሄደ። እማማ ለተብርሃን አንዱ ጥግ ደረሳቸው፣ ሚስ ፐርል ከለንደን ውጭ ባሕር ዳር ተላከች፣ ቱርኮቹ ወዴት እንደሄዱ አላውቅም። ጋሼ አጊም የመጨረሻውን መብራት አጥፍቶ ወጣ አሉ። እናቴ ሂትሮው አጠገብ ስድስት ዓመት ኖረች፤ አዲስ ወጥ ቤት ነበራት፣ የሚያንኳኳ ሰው አልነበራትም። ስለዚያ ነገር አንድም ቀን አላነሣችብኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ስትሞት ለሐበሻው በስልክ ተነገረ፤ ጥቂት ሰው መጣ። ለሁለተኛ ጊዜ ሰው ቤታችን ውስጥ ቆሞ ሳለ ከውጭ ቫን ሲቆም ሰማሁ። ጋሼ አጊም ነበር፤ ፀጉሩ ነጭ ሆኗል። እሱና ድሪታ ብቻቸውን ወንበሮቹን ወደ ውስጥ ያስገቡ ጀመር፤ ማን እንደነገራቸው እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ድሪታ ሳህኗን ይዛ ዞረች፤ አሁን ሲጋራ የሚያጨስ ጠፍቶ ሁሉም አንድ አንድ አንሥቶ ኪሱ ከተተ፣ እንደ ቄሱ። ጋሼ አጊም ከእናቴ ፎቶ ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ሰው እስኪያልቅ አልተነሣም። ሊሄድ ሲል መኪናው ድረስ ሸኘሁት። ጋሼ፣ እሷ አልነበረችም፣ እኔ ነኝ የምትል ንግግር አንደበቴ ላይ ነበረች። ሊሰማኝ ቆሞ ነበር። "ጋሼ፣ በጣም እናመሰግናለን" አልኩት። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ መኪናው ውስጥ ገባ።

ከዚያ ወዲያ የዛሬ ወር፣ የዛሬ ዓመት እያልኩ ስምንት ዓመት አለፈ። ከትምህርት ቤቱ አዳራሽ ከወጣሁ በኋላ ግን ማደር አቃተኝ፤ በማግስቱ የትምህርት ቤቱን ቢሮ ለምኜ ከወንበሮቹ ሽያጭ ደረሰኝ ላይ አድራሻውን ወስጄ ሄድኩ። ሃክኒ ጫፍ ላይ ያለች አነስተኛ ቤት ናት። በሩን የከፈተልኝ የጋሼ አጊም ልጅ አርቤን ነው፤ እኛ ስንለቅ ገና የአምስት ዓመት ልጅ የነበረ፣ እንግሊዝኛው እንደ ሰፈሩ ልጅ የሆነ ጎረምሳ። አባቱን ስጠይቀው በየካቲት እንደሞተ፣ ድሪታ ከእሱ ሁለት ዓመት ቀድማ እንደሄደች ነገረኝ። ወንበሮቹን የሸጥኳቸው እኔ ነኝ አለኝ፤ የሚሸከማቸው ሰው የለም ብሎ። ቀብሩ ላይ ሰው ብዙ ነበር ወይ አልኩት። "ትንሽ ነበር፤ ከዚያ እያንዳንዱ ወደ ሥራው ሄደ" አለኝ።

ማንነቴን ስነግረው ፊቱ በራ። "የአርባ ሦስት ቁጥሯ ሴትዮ ልጅ ነሽ? አባቴ ስለ እሷ ያወራ ነበር። ቃሏን በላች፣ ግን ባሏ የሞተ ቀን ሐዘኗን አይቻለሁ፤ ወንበር አልነፍጋትም ይል ነበር።"

እዚያው ደፍ ላይ ሁሉንም ነገርኩት። ሌተሩን፣ ሽንኩርቱን፣ አጊምም ያልኩትን፣ እናቴ ያየችኝን አተያይ። አሥራ አራት ዓመት የተሸከምኩትን ነገር ለመናገር አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። እናቴ ቃሏን አልበላችም፣ አባትህ ይህን ሳያውቅ ነው የሞተው አልኩት። አርቤን በአንድ እጁ በሩን እንደያዘ በትሕትና ሰማኝና ትከሻዬን ነካ አደረገኝ።

"ምንም አይደለም፣ አይዞሽ" አለኝ፤ "የድሮ ነገር ነው። ቤቱ ለማንኛውም ይፈርስ ነበር፣ አይደል?"

ስልኩ ጠራ። ይቅርታ ጠይቆኝ በሩን ዘጋ። አባቱ ለሁለቱም ወላጆቼ ለቅሶ ወንበር አቅርቦ ተቀምጧል፤ እኔ የእሱን ለቅሶ ሰባት ወር ዘግይቼ፣ ደጃፉ ላይ ቆሜ ደረስኩ።

አዳራሹን የሚጠብቀው ሰውዬ አርባ ሦስት ቁጥርን ስለምነው፣ ጉትቻሽን ስላላገኘሁልሽ ይካስሽ ብሎ በነፃ ሰጠኝ። ቤቴ አምጥቼ የተልባ ዘይት ገዝቼ ቀባሁት፣ ከበሬ ጀርባም አስቀመጥኩት። ልጄ ቦርሳውን ሊሰቅልበት ሲል ተቆጣሁት፤ ለምን ሲለኝ ላስረዳው ሞከርኩ፤ ማን እስኪሞት ነው የምንጠብቀው አለኝ።

ባለፈው ሰሞን አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ከጎረቤቴ ቤት የሴት ልቅሶ የመሰለ ድምፅ ይመጣ ነበር። የሚኖሩት አንድ ህንዳዊ ሽማግሌ ናቸው፤ ደረጃ ላይ ስንገናኝ ሰላም ከመባባል በቀር ስማቸውን አላውቅም። ቴሌቪዥናቸውን ከፍ ያደረጉ መሰለኝ። ልጄ ፈተና እያጠና ስለነበር ድምፁን እንዲቀንሱ ግድግዳውን ሁለት ጊዜ በቡጢ መታሁት። ወዲያው ጸጥ አለ። በሳምንቱ ሰዎች አልጋቸውን ሲያወጡ ሳይ ነው ሽማግሌው መሞታቸውን፣ ልጃቸው ከሩቅ አገር መጥታ ያን ሁሉ ቀን ቤቱ ውስጥ ብቻዋን መክረሟን የሰማሁት። ድምፁ የእሷ ነበር። እኔ ግድግዳውን ስመታ ወንበሩ ከበሬ ጀርባ ነበር።